ሦስተኛው ረድፍ

«ዊልቸሩ አይገባም። አሟታል እንላለን፣ አለቀ።»

ኞካቢ ይህን የሰማችው መታጠቢያ ቤት ሆና ጥርሷን ስትቦርሽ ነበር። የመታጠቢያ ቤቱ መስኮት ከጣሪያው ሥር ያለች ጠባብ ቀዳዳ ናት፤ የግቢው ወሬ ግን፣ የጎረቤት ሳል ሳይቀር፣ በእሷ በኩል ቁልጭ ብሎ ይገባል። ተናጋሪው ታናሽ ወንድሟ ጊቶንጋ ነው። የመለሰችለት ደግሞ አክስታቸው ታታ ዋይሪሙ ናት። «እንዲያውም ይሻላል» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፤ ታታ ዋይሪሙ ዝቅ አደረግሁ ስትል ከሌላው ሰው ጩኸት አይተናነስም። «ገና ሳንላመዳቸው? ዘራቸው ውስጥ ምን አለ ብለው ቢጠይቁ ምን ልንል ነው? መጀመሪያ ሙምቢ ትዳሯን ትያዝ። ከዚያ በኋላ ቀስ ብለው ያውቁ የለ?» ቀጥሎ የካርቶን መጎተት ተሰማ። ኞካቢ ብሩሹን አፏ ውስጥ እንደያዘች ቆየች። ከሁሉ የከነከናት ‹አይገባም› የሚለው አልነበረም፤ ‹አለቀ› የምትለዋ ቃል ናት። እሷ ገና አንድ ቃል ሳትተነፍስ የሚያልቅ ነገር ምን ዓይነት ነገር ነው?

ዕለቱ ቅዳሜ ነበር። የታናሽ እህቷ የሙምቢ እጮኛ፣ ካማንዴ የሚባለው፣ ሽማግሌዎቹን ይዞ መጥቶ ደጅ ጠንቶ ሄዷል፤ ዛሬ ደግሞ የሴቷ ወገን በተራው ሙራንጋ ድረስ ወጥቶ ልጁ የተወለደበትን ቤት ያያል፣ ስጦታ ያደርሳል፣ በልቶ ጠጥቶ ይመለሳል። ኞካቢ ለዚህ ቀን አረንጓዴ ቀሚስ አሰፍታ ነበር፤ ሰፊዋ ተቀምጣ የምትውል ሴት መሆኗን አስባ ከወገቡ በታች ሳታጨማድድ ጥሩ አድርጋ የቆረጠችው። የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ናት። ካሃዋ ሠፈር ካለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ታስተምራለች። በዘጠኝ ዓመቷ አከርካሪዋን የያዛት በሽታ እግሮቿን ይዞ ሄደ፤ ምላሷን ግን ትቶላታል ይላሉ የሚያውቋት። ሙምቢን፣ ሕፃን ሳለች፣ ጭኗ ላይ አስቀምጣ በራሷ ክንድ ወንበሯን እየገፋች መዋዕለ ሕፃናት ያደረሰቻት እሷ ናት። ሠፈሩ ‹ባለ ሁለት ራስ መኪና መጣች› እያለ ይስቅ ነበር።

የአሁኗ መኪና ግን አታስቅም። ጊቶንጋ የመለዋወጫ ሱቁ ከቀናው ወዲህ ሲመኛት የኖረ፣ ጥቁር፣ ፊቷ እንደ ባንክ በር የሰፋ፣ ባለ ሦስት ረድፍ መቀመጫ መኪና ናት። የመጣች ቀን ለወትሮው ባንድ ክንፉ የሚበቃው የግቢ በር በሁለቱም ክንፉ ተከፈተና አሁንም አልበቃት ብሎ የጎን መስታወቶቿን አጥፎ ነበር ያስገባት። አፍንጫዋ የልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ዘንድ ሲደርስ ቂጧ ገና መንገድ ላይ ነበር። በሩ እንዲዘጋ የእናታቸው የጎመን መደብ ከግማሽ በላይ በጎማ ሥር ሄደ። ጊቶንጋ ስልኩን አውጥቶ ቁመቷን፣ ወርዷን፣ የሆዷን ስፋት አንድ በአንድ ለጎረቤት እያነበበ፣ «ሰባት ሰው ከነዕቃው!» ሲል፣ ልጆቿ ማይቱ የሚሏት እናታቸው የተጨፈለቀውን ቅጠል ከመሬት እያነሳች «ጎመኔስ?» አለች። ወደ መኪናዋ መውጣት ስላቃታት መረገጫ የሚሆናት የላስቲክ በርጩማ ተገዛላት። ኞካቢንም ያን ዕለት ትከሻዋን መታ አድርጎ «ከእንግዲህ ታክሲ ፍለጋ መንቀዋለል ቀረልሽ» ብሏት ነበር። አምናው ነበር፤ አሁን ስታስበው የሚያናድዳት ይኸው ማመኗ ነው።

ለብሳ፣ ዶቃዋን አጥልቃ ስትወጣ የኋላው በር ወደ ላይ ተከፍቶ ተንጠልጥሏል። ሦስተኛው ረድፍ መቀመጫ ቆሟል፤ ታታ ዋይሪሙና ሌላዋ አክስት ታታ ንጆኪ የሚቀመጡበት እሱ ነው። ከመቀመጫው ኋላ የተረፈው ቦታ ከአንድ ክንድ አይዘልም። ያን ያህል ግዙፍ መኪና፣ ሰው ሁሉ ሲቀመጥባት ለዕቃ የምትተወው የመጽሐፍ መደርደሪያ የምታህል ሽንቁር ሆና ቀረች። እዚያ ውስጥ የዱቄትና የስኳር ካርቶኖች በጎናቸው ቆመዋል፤ ሩዝ፣ ዘይት፣ ለካማንዴ አያት የተገዛ ብርድ ልብስ ላያቸው ላይ ታጭቋል። ጊቶንጋ በላብ ተጠምቋል።

«አየሽው አይደል?» አለ ገና ሳትጠይቀው። «ሞላ።»

«አንዱን መቀመጫ እጠፈው። ጎማዎቹ ቁልፋቸው ሲጫን ይወጣሉ፣ መደገፊያው ይተኛል። ከአንድ ካርቶን አይበልጥም።»

«አክስቶቼን የት ላድርጋቸው? ጣሪያ ላይ?»

«ወንበሩን ጣሪያ ላይ አድርገው እንግዲያ።»

«በአዲስ መኪና ላይ ገመድ? ቀለሙ ይላጣላ፣ ኞካቢ!»

«ኦዴሮ በየማለዳው ይጭነው የለም እንዴ። የሱ ታክሲ ከጫማ ካርቶን አትበልጥም።»

«የሱማ አሮጌ ነው» አለ ጊቶንጋ፤ ነገሩ በዚህ የተፈታ ይመስል።

ታታ ዋይሪሙ ሽቶዋን እያስቀደመች መጣች። «የኔ ልብ» አለች፣ «መንገዱ ሩቅ ነው፣ ትደክሚያለሽ። ዛሬ የእህትሽ ቀን ነው፤ አንቺ ዕረፍት አድርጊ። ምርጥ ምርጡን ቋጥሬ አመጣልሻለሁ።» ሙምቢ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ የጎኗ መስታወት ግማሽ ድረስ ወርዷል። ኞካቢ አየቻት። ሙምቢ የጆሮ ጌጧን አስተካከለች፣ ከዚያ መስታወቱ ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣና ፊቷን የሰማይ ነጸብራቅ ሸፈነው። ማይቱ የእጅ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ጭብጥ አድርጋ መሬት መሬቱን ታያለች። በርጩማውን ስትረግጥ ብቻ ዞር ብላ «ምሳ ድስት ውስጥ አለ» አለች። መኪናዋ እያፏጨች ወደ ኋላ ወጣች፣ በሩ ተዘጋ፣ ግቢው ሰፋ።

ቤት መዋል ይቻል ነበር። የሚታረሙ የፈተና ወረቀቶች አሉ፤ ዝምታውም አይጠላም፤ ማይቱ የሠራችው ባቄላና በቆሎ ለሦስት ሰው ይበቃል። ኞካቢ ወረቀቶቹን ጭኗ ላይ አድርጋ ሁለት ያህል አረመች፣ ሦስተኛው ላይ ብዕሯ ቆመ። በዚህ ሰዓት አንድ የማታውቀው ሳሎን ውስጥ፣ የማታውቃቸው ሰዎች፣ ‹ምን ነካት? ሆዷን ነው?› እየተባባሉ ነው፤ ጊቶንጋም ፊቱን አኮማትሮ ‹እንግዲህ እግዜር ይማራት› ይላል። አለመሄዱን ትችለው ይሆናል፤ በሽተኛ ተብላ መቅረቷን ግን አልቻለችም። በዓመት ውስጥ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ቀርታ አታውቅምና። ስልኳን አነሳችና ኦዴሮ ጋ ደወለች።

«መምህር! ቅዳሜ እኮ ነው፣ ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው!»

«ሙራንጋ ነው የምሄደው።»

«ሙራንጋ? እኔማ የሰርግ ጉዞ ይዣለሁ። ማታቱ መናኸሪያ ላድርስሽ?»

«ቶሎ ና ብቻ።»

ኦዴሮ እንደ ወትሮው ወደ ፊት ወንበር አሻገራት፣ ጎማዎቹን ነቅሎ ከኋላ ወርውሮ፣ የወንበሩን አካል ከላያቸው አስተኝቶ በሩን በቂጡ ዘጋው። ያፏጭ የነበረውን ዜማ እንኳ አላቋረጠም። መናኸሪያው ውስጥ የሙራንጋ ማታቱ፣ ባለ አሥራ አራት ሰው ሚኒባስ፣ ሊሞላ ሁለት ሰው ቀርቶት ይጮሃል። ረዳቱ ጥርሰ ፍንጭት ጎልማሳ ነው፤ ሲያያት አላቅማማም፣ ከሾፌሩ ጎን የተቀመጠውን ሰውዬ በትከሻው ገፍቶ ወደ ኋላ ሰደደው። የተሳፋሪዎቹን ጆንያ አገላብጦ ወንበሯን ከኋለኛው በር ሥር ሲሰነቅር፣ ኞካቢ ለጭነቱ ስንት እንደሚያስከፍላት ጠየቀችው። መምህር ናትና ነገር ከመጀመሪያው እንዲጣራ ትወዳለች። ረዳቱ የተሳደበችው ያህል አፈጠጠባት። «ይሄ እግርሽ አይደል እንዴ? እኛ ለእግር አናስከፍልም። እኚህ ሰውዬ ናቸው መክፈል ያለባቸው፤ ጫጩቶች ይዘው ገብተው ዝም ብለዋል!» ሰውዬው ከኋላ ሆነው «ጫጩት እንኳ እግር አላት!» ብለው መለሱ፤ መኪናው ሙሉ ሳቀ፣ ኞካቢም ከማለዳ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ሳቁ ግን በመንገዱ ዳር እስካለው የአናናስ እርሻ ድረስ ነው የቆየላት። አስፋልቱ ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ወደ ኮረብታዎቹ ታጠፈ። ምን ልትል ነው? በየትኛው በር ልትገባ ነው? ደረጃ ቢኖረውስ፣ አራት ወንድ ተሸክሟት፣ ቀሚሷ ተገልቦ፣ አማቾቹ ፊት እንደ ሶፋ ልትገባ ነው? ሙምቢስ ብታለቅስ? ነገሩ ቢበላሽ ዕድሜ ልኳን ‹ያቺ ናት ያፈረሰችው› ትባላለች። ወራጅ አለ ብላ ልትጮህ አፏን ከፈተች። ሾፌሩ ቀና ብሎ «አቤት?» አላት። «ሙዚቃውን ትንሽ ቀንስልኝ» አለችው። እሱም ቀነሰ፤ መንገዱም ቀጠለ።

ከከተማው የካማንዴን አባት ቤት የሚያውቅ ባጃጅ አገኘች። ባለ ባጃጁ ወንበሯን ከኋላ በላስቲክ ገመድ ጠፍሮ ቀዩን ዳገት እያቃሰተ ወጣ። ግቢው ሰፊ ነው፤ ድንኳን ተጥሏል፤ ሰው ምሳ ላይ ነው። ጥቁሯ መኪና አቮካዶ ዛፍ ሥር ቆማ ታበራለች። ባጃጁ ጢሱን እየተፋ ድንኳኑ አፍ ድረስ ገብቶ ጸጥ ሲል፣ የማንኪያው ድምፅም አብሮ ጸጥ አለ። ጊቶንጋ የጎረሰውን አላላመጠም። ማይቱ ብድግ አለች፣ ከዚያ መልሳ ተቀመጠች፣ ከዚያ እንደገና ተነሳች። ባለ ባጃጁ ጎማዎቹን ሲገጥም፣ ኞካቢ ሁሉም እያያት፣ ከባጃጁ ጫፍ ወደ ወንበሯ ራሷን በክንዷ አሻገረች፤ ቀሚሷን አስተካከለች፤ «እንደምን ዋላችሁ» አለች።

የካማንዴ አያት፣ አገሩ ሁሉ ቹቹ የሚላቸው አሮጊት፣ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው አተኩረው አዩዋት። «ይቺ ማን ናት?»

«ታላቅ እህቷ ነች፣ ቹቹ» አለ ካማንዴ እየተነሳ።

«ያቺ የታመመችው? ይኸው ተሻላት! እግዜር ይመስገን፣ ሆድሽ እንዴት ሆነ?»

ታታ ዋይሪሙ «አዎ፣ ሲሻላት ጊዜ—» ብላ ጀመረች። ኞካቢ አቋረጠቻት። «አልታመምኩም፣ ቹቹ። ማለዳም ደህና ነበርኩ። ወንድሜ መኪናው ሞልቶበት ነው፤ ወንበሬ አልገባ አለው።»

ድንኳኑ ሙሉ አንገቱን ወደ አቮካዶው ዛፍ አዞረ። ቹቹም ጎንበስ ብለው መኪናዋን ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ ገመገሟት። «ያ ነው? ያማ እንኳን አንቺንና ወንበርሽን፣ ላሜን ከነጥጃዋ ይውጣታል!» ሽማግሌዎቹ በሳቅ ፈረሱ። ጊቶንጋም ከንፈሩን ከፍቶ ጥርሱን አሳየ፤ ዓይኑ ግን ሳህኑ ላይ ነበር።

ካማንዴ የራሱን ወንበር አንስቶ ከማይቱ ጎን ቦታ አደረገላት። ሙኪሞ ቀረበላት፣ ድንቹና ባቄላው አብሮ የተደለዘ፣ ከላዩ የአጥንት መረቅ የፈሰሰበት። ቹቹ እግሯን ምን እንዳገኘው በግልጽ ጠየቋት፣ እሷም በግልጽ ነገረቻቸው፤ አሮጊቷ «እህህ» ብለው ሥጋ ጨመሩላት። የካማንዴ እናት ግን ከወዲያ ማዶ ሆና «ከልደት አይደለም ማለት ነው?» ስትል ዓይኗ ሸርተት ብሎ ሙምቢ ሆድ ላይ አረፈ። ኞካቢ አየቻት። ታታ ዋይሪሙ የፈራችው ከመሬት ተነስታ አልነበረም ማለት ነው። ይጠይቁ፣ አለች በልቧ። ዛሬ ፊቴ ይጠይቁ፤ ነገ ልጅ ሲወለድ ተደብቀው ከሚጠይቁ። «አይደለም» አለች ጮክ ብላ፣ «ቢሆንም ኖሮ እመጣ ነበር።» ሴትየዋ ደንገጥ ብላ፣ ሻይ ቀዳችላት።

ሙምቢ ያገኘቻት ከማድቤቱ ጓሮ፣ እጅ መታጠቢያው ዘንድ ነው። ኩሏ ፈሷል። «ቀኔን አበላሸሽብኝ» አለቻት።

«መስታወቱን ማን ዘጋው?»

ከማድቤቱ ውስጥ ሴቶች ሳህን እያጋጩ ይዘፍናሉ። ኞካቢ እጇን ታጥባ ውሃውን ከጣቶቿ አራገፈች። «ፈራሁ» አለች ሙምቢ በመጨረሻ። «አውቃለሁ» አለች ኞካቢ። ይቅርታ እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ ራሷም አላወቀችውም። ሙምቢ ፎጣ አቀበለቻት፤ ተያይዘው ወደ ድንኳኑ ተመለሱ፣ ግን ኞካቢ ወንበሯን ማንም እንዲገፋላት አልፈቀደችም።

ፀሐይ ወደ ሸንተረሩ ስታዘነብል የካማንዴ አባት እንግዶቹን በባዶ እጅ እንደማይሸኝ አስታወቀ። ሙሉ የሙዝ ዘለላ ወጣ፣ የስኳር ድንች ጆንያ ወጣ፣ ከሁሉ በኋላ ደግሞ ቀንዱ የተጠማዘዘ ድልብ በግ እየተጎተተ መጣ፤ ለማይቱ የተሰጠ ነው። እምቢ ማለት ነውር ነው። ጊቶንጋ የበጉን ኮቴ አየ፣ ቡናማውን የቆዳ መቀመጫ አየ፣ አማቾቹን አየ። ከዚያ የኋላውን በር ከፈተ፣ እጁን ሰዶ አንዲት ማሰሪያ ሳብ አደረገ። ሦስተኛው ረድፍ መቀመጫ ትንፋሹን ለቀቀና ወለል ላይ ዝርግት ብሎ ተኛ። ሌላውንም ሳበው፣ ያም ተኛ። ባንድ እጁ ነው የሠራው፤ በሌላው እጁ ስልኩን ይዞ ነበር። የመጽሐፍ መደርደሪያ የነበረችው ሽንቁር አልጋ የሚዘረጋበት ክፍል ሆነች። ታታ ዋይሪሙና ታታ ንጆኪ በካማንዴ አጎት መኪና እንዲሄዱ ተነገራቸው፤ «ችግር የለም፣ ምን ችግር አለው» እያሉ ቦርሳቸውን ይዘው ወረዱ። በጉን ተሸክመው አስገቡት። ቆመና፣ ዞር ብሎ፣ በሰፊው ቦታ ላይ ተንጎራደደ።

ኞካቢ ይህን ሁሉ ከአምስት እርምጃ ርቀት ላይ ሆና ታያለች። ጊቶንጋ እጁን በሱሪው እየጠረገ መጣ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ነይ ግቢ» አላት፣ «ወንበሩንም ከበጉ ጎን እናደርገዋለን፤ አሁን ቦታ አለ።»

«ማለዳም ነበር።»

«ነገሩን አታክብጂው እንጂ። አለፈ።»

«ገና አላለፈም። ‹ወንበሩ አልነበረም ያልገባው፣ አንቺ ነበርሽ ያልተፈለግሽው› በል፤ ከዚያ እገባለሁ። እዚሁ ለኔ ብቻ በለው፣ ሌላ ሰው አይስማ።»

ጊቶንጋ ወዲያ ወዲህ አየ። የመኪናውን ቁልፍ ካንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። አንዴ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን «ሰው እያየን ነው» የሚል ብቻ ነበር።

«እንግዲያው መኪናህ ጠባብ ናት፣ ወንድሜ» አለችና ወንበሯን አዙራ ቁልቁል ወደ መንገዱ አመራች። ባለ ባጃጁ ምግብ ተሰጥቶት ከአጥሩ ሥር ቁጭ ብሎ ነበር፤ ሲያያት እጁን ልሶ ተነሳ። ከኋላዋ የመኪና በር ሲከፈት ሰማች። ዘወር አላለችም። ተረከዝ ያለው ጫማ ጠጠሩ ላይ እየተንቀጫቀጨ መጣ፤ ሙምቢ ናት፣ ለዕለቱ ያጠለቀችውን ረጅም ቀሚስ ከጭቃ ለማዳን በጥርሷ ነክሳ ይዛ፣ ባጃጁ ውስጥ ገብታ ጥጓን ያዘች። ካማንዴ ከድንኳኑ ደጅ ቆሞ አያቸው፤ መጀመሪያ ግራ ገባው፣ ኋላ እጁን አውለበለበ።

ሁለተኛው በር የተከፈተው ቆይቶ ነው። ማይቱ የላስቲኩን በርጩማ በእግሯ ፈልጋ፣ አንዴ ስታ፣ በሁለተኛው አገኘችውና ወረደች። ቀኑን ሙሉ ያልጣለችውን ቦርሳዋን ብብቷ ሥር ሸጎጠች። ጊቶንጋ «ማይቱ፣ አንቺ ደግሞ የት ነው?» አላት፤ ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆነበት። እሷ በመኪናው ጎን እየተደገፈች እስከ ኋላ ድረስ ዞረች፣ በመስታወቱ አሻግራ በጉን አየችው፣ በጉም አያት።

«በጉን ቀስ ብለህ ንዳው» አለችው ለልጇ። «ጠመዝማዛው ላይ ያስመልሰዋል።» ከዚያ ጉልበቷን ይዛ፣ ዳገቱን ቁልቁል፣ ወደ ባጃጁ ወረደች።